ግራጫው ሞተር

አባቴ ከጣቶቹ ጫፍ ጀምሮ ወደ እንጨትነት እየተለወጠ እንደነበር ከቤተሰባችን ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። የዚያን ዕድሜ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር አንዴ ካመነች በበሬ ቢስቧትም አትነቃነቅም።

አባዬ በሞተር መጋዝ የሚሠራ ዛፍ ቆራጭ ነበር። ጣሪያው ላይ ዛፍ የዘመመበት፣ ሥር አጥሩን የገፋበት፣ የወደቀ ግንድ ማገዶ ሆኖ እንዲከመርለት የሚፈልግ ሰው ሁሉ እሱን ይጠራል። ሰፈርተኛው «ባለ ሞተሩ» ይለዋል። እማዬ አብራው ትወጣለች፤ ገመድ ትይዛለች፣ ቅርንጫፍ ትጎትታለች፣ የተቆረጠውን ትከምራለች። ማታ ሁለቱም ቤንዚን፣ ዘይትና እርጥብ እንጨት እየሸተቱ ይገባሉ። የቤታችን ሽታ ያ ነበር፤ እስከዛሬ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ሳልፍ ሆዴ ይባባል።

ብርድ በሆነ ጠዋት አባዬ ቁርስ ሊበላ ሲቀመጥ ጣቶቹን አያለሁ። ከጫፋቸው እስከ ሁለተኛው አንጓ ነጭ ይሆናሉ። ነጭ ስል የገረጣ ማለቴ አይደለም፤ ቅርፊቱ የተላጠ እንጨት ነጭ ነው የሚሆኑት። እሱ እንዳየሁ ሲያውቅ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ይከታል። እኔ ግን ነጩ ምን ያህል እንደተጓዘ በዓይኔ ለክቻለሁ። ክርኑ ጋ የደረሰ ዕለት ግቢው መሀል ይቆምና እዚያው ይቀራል ብዬ አስብ ነበር። ቅጠል ጀምሮት እንደሆነም ጸጉሩን በስርቆት እፈትሻለሁ።

ይህን ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ የዘራችው ጎረቤታችን ባልቴቷ ናት። ልጆቿ ቤት ልናሰፋ ብለው ግቢዋ ውስጥ የነበረውን ትልቅ ዛፍ አባዬን አስቆረጡት። እሷ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ዛፉ እስኪወድቅ አየች። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝና፣ «ዛፍ ቂመኛ ነው፣ የኔ ልጅ። አይጮህም፣ አይሮጥም። የቆረጠውን ሰው ግን ቀስ እያለ ይወስደዋል» አለችኝ። ዛፉን የተከለው የሞተው ባሏ እንደነበር ያኔ ማን ነግሮኝ! ሐዘኗን የምታካፍለው ትልቅ ሰው ብታጣ ለሕፃን ማውራቷ ነበር እንጂ ልታስፈራራኝ አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ ለተከመሩት ግንዶች ጀርባዬን አልሰጥም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ አይቆምም ነበር፤ ግንዶቹ ስለ እኛ የሚንሾካሾኩ ይመስለኛል።

ማረጋገጫው የመጣው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። አባዬ ከሥራ ገብቶ ሊታጠብ የግራ ጓንቱን ሲያወልቅ ውስጡ የተጠራቀመ ደም ወለሉ ላይ ተደፋ። አውራ ጣቱ ላይ ሥጋው ተከፍቷል። እማዬ ጮኸች።

«ምን ሆነህ ነው? መቼ ነው የቆረጠህ?»

አባዬ ጣቱን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አገላብጦ አየው።

«እንጃ» አለ።

«እንዴት እንጃ? አላመመህም?»

«እንጃ አልኩሽ እኮ።»

እማዬ ጨርቅ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስትል የነበረችው ባለችበት ቆመች። ሁለቱ ተያዩ። እኔ የማውቀውን እነሱም እንዳወቁ ገባኝ፤ እንጨት ሲቆርጡት አያመውም።

ዛሬ ለዚያ ነገር ሐኪሞች ስም እንዳላቸው አውቃለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ጨብጦ የኖረ ሰው የጣቶቹ ደም ሥሮች ይጎዳሉ፣ ብርድ ሲነካቸው ደም እምቢ ይላቸዋል፤ ውሎ አድሮ መዳሰስ ያቅታቸዋል። ጣቱ የማይሰማው ሰው ደግሞ እንኳን ሞተር የሽንኩርት ቢላ መያዝ የለበትም። እናቴ ያን ዕለት ያየችው የባሏን ቁስል ብቻ አልነበረም፤ የቤታችን እንጀራ የቆመበትን ቦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በሹክሹክታ አለቁ። እራት እንደተበላ ወደ መኝታዬ ይልኩኛል፤ መኝታዬንና እነሱን የሚለየን መጋረጃ ብቻ ስለነበረ ግን የተባለው ሁሉ ይደርሰኛል። የሚገባኝ ግማሹ ነው።

«የድሮው ሞተር አልቆለታል» ይላል አባዬ። «ነዳጅ ይጠጣል እንጂ አይቆርጥም። ሥራው ይቀጥል ካልን አዲስ መግዛት የግድ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ቀዩን ግዛ። ትልቅ አይሉት ትንሽ፣ ልክ ነው። ጉልበቱም ይበልጣል፣ ዋጋውም የግራጫው ግማሽ ነው ብለኸኛል።»

«ጉልበት ብቻውን ምን ያደርጋል?»

«ሞተር ታዲያ ለምንድን ነው የሚገዛው፣ እንዲዘፍንልን? በተረፈው ቆርቆሮውን እናስቀይራለን። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው።»

«የሚይዘውም ሰው አለ እኮ።»

«የሚይዘው ሰው ምን ሆነ?» እማዬ ሳቀች። «የሚይዘው ሰው ጠንካራ ነው። አንተ አትሥጋ።»

የሚይዘው ሰው አባዬ መሰለኝ። እናቴ ባሏን ለዛፎቹ አሳልፋ ሰጥታ በለውጡ ቆርቆሮ ለመቀበል የተስማማች መሰለኝና ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ እማዬ ገበያ ስትወጣ አባዬ ጫማዬን አመጣልኝ። «ተነሺ እሜቴ፣ ሥራ አለን» አለኝ። ሲያቆላምጠኝ እሜቴ ነበር የሚለኝ። የሹራቤን ቁልፍ ሊቆልፍልኝ ሞከረ፤ ቁልፏ ከጣቶቹ መሀል እያመለጠች ስታስቸግረው፣ «አንቺ ራስሽ ትችያለሽ፣ ትልቅ ሰው ሆነሽ የለም እንዴ» ብሎ ተወው። ትልቅ ሰው መባሌ ደስ አለኝ።

ሱቁ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ አዲስ ጎማና ቀለም ይሸታል። ግድግዳው ላይ ሰንሰለቶች በምስማር ተንጠልጥለዋል። ባለ ሱቁ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ እንደ ጥጃ መታ መታ እያደረገ ያሞግሳል። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ሞተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀዩ ያብለጨልጫል። ግራጫው የኩሽና ዕቃ ነው የሚመስለው።

«ደግሞ መጣህ?» አለ ባለ ሱቁ። «እነዚህን ሁለቱን እኮ በዓይንህ ጨረስካቸው። እኔን ብትሰማኝ፣ ትርፌ ግራጫው ላይ ነው፤ ግን ወዳጄ ስለሆንክ አልዋሽህም። በእሱ ዋጋ ሁለት ቀይ ትገዛለህ። ይሄ ቀዩ ግንድ እንደ ሽንኩርት ነው የሚከትፈው።»

«ክብደቱስ?»

«እኩል ናቸው።»

«ነዳጅ?»

«ቀዩ ትንሽ ይወዳል፤ ጉልበተኛ ሲበላ አይታማም።»

«የግራጫውን እጀታ እንደገና አሳየኝ።»

ባለ ሱቁ ግራጫውን አንስቶ እጀታውን ወዘወዘው። እጀታው ከሞተሩ ጋር የተጣበቀ አይደለም፤ መሀላቸው ላይ ትንንሽ የብረት ሞላዎች አሉ። «ዋጋው የተሰቀለው በነዚህ ነው» አለ። «የሞተሩን ንዝረት ውጠው ያስቀሩታል ይባላል። ለኔ ቅንጦት ነው። የሚንቀጠቀጥ እንጂ የሚተኛ ሞተር ማን ያምናል?»

ወደ ጓሮ ወጣን። እዚያ ለሙከራ የተጋደመ ግንድ አለ። አባዬ ገመዱን እየሳበ በየተራ አስነሳቸው። ቀዩ እየጮኸ ገባ፤ ክብ ቁራጩ ወዲያው እግሩ ሥር ወደቀ። ግራጫውም ቆረጠ፤ ግን ዘገየ። ባለ ሱቁ እጁን ዘርግቶ «እንግዲህ ፍርዱን ራስህ ስጥ» እንደማለት ሳቀ። በቃ፣ ቀዩን ገዝተን የምንሄድ መሰለኝ።

አባዬ ግን ቀዩን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ ሰንሰለቱ ሳይዞር ሞተሩ ብቻ እየሠራ፣ «ነይ» አለኝ። ከኋላዬ ሆኖ እጄን እጀታው ላይ አኖረው፤ የራሱን እጅ በላዩ ጫነ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ጆሮሽን ተይው፤ እጅሽ የሚለውን ብቻ ንገሪኝ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ ጉንዳኖች መዳፌን ወረሩኝ። ክንዴን ይዘው ወጡ፣ ትከሻዬ ደረሱ፣ ጥርሴን አንቀጫቀጩት። የተቆረጡት ዛፎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ገብተው በሩን የሚደበድቡ መሰለኝ።

«ይነክሳል» አልኩት። «ጥርሴ ድረስ ይመጣል።»

«እሺ። ይሄስ?»

ግራጫው ሞቅ ብሎ ተንፈስ ተንፈስ ይላል፤ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሥር እጅ የመክተት ያህል ነው። ነገርኩት። አላመነኝም መሰለኝ፣ እንደገና ወደ ቀዩ መለሰኝ፤ ደግሞ ወደ ግራጫው። እጄ እስኪዝል አመላለሰኝ። ባለ ሱቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሰውዬ፣ ልጅቷን ነው እንዴ ዛፍ ልታስቆርጣት?»

«እጇ የእናቷ ነው» አለ አባዬ።

ለባለ ሱቁ መልስ የሆነ አልመሰለኝም። ዘመዶቻችን ሁልጊዜ «ጣቶቿ የእናቷ ናቸው፣ ቁርጥ» ስለሚሉኝ የዚያ ዓይነት ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት። በመጨረሻ አባዬ እኔን ወደ ጎን አድርጎ ጓንቱን አወለቀና ራሱ በባዶ እጁ ቀዩን ያዘ። አንገቱን ዘመም አድርጎ ቆየ። ከዚያ ግራጫውን ያዘ። ሰው ከሩቅ የሚጠራውን ድምፅ ሲጠብቅ እንደሚሆነው ነበር ፊቱ፤ የጠበቀው ግን አልመጣለትም። ያኔ ከዛፎቹ ጋር የሚነጋገር መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ግራጫውን» አለ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሞተሩን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «እማዬ ብትጠይቅሽ ቀዩ አልቆ ነው የጠበቀን፣ እሺ?» አለኝ። ዛፎቹን ለማታለል እንደሆነ ስለገባኝ በደስታ እሺ አልኩ። እማዬ ግራጫውን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ቀዩ ማለቁን ስትሰማ «ወይ የኛ ዕድል!» ብላ ባልዲና ድስት ጣሪያው ወደሚያፈስበት ትደረድር ጀመር። በዚያው ሳምንት የሰንሰለት ዘይት ልትገዛ ሄዳ ቀዩን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አይታው ነበር። ምንም አላለችም። እናቴ ዝም አይነቅዝም የምትል ሰው ነበረች። ይህን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስነቃ እማዬ የአባዬን ሱሪ ለብሳለች። ቦቲ ጫማው እግሯ ላይ ነው፤ ወረቀት ጠቅጥቃበታለች። አባዬ እግሯ ሥር ተንበርክኮ የጫማውን ገመድ ሊያስር ይታገላል፤ ገመዱ ይወድቅበታል፤ ያነሳዋል፤ ይወድቅበታል። እሷ ከላይ አናቱን እያየች ትጠብቀዋለች። ግራጫው ሞተር በሩ ላይ ተቀምጧል።

«የት ልትሄድ ነው?» አልኩ።

«እንግዲህ እማዬ ናት የምትቆርጠው» አለ አባዬ ቀና ሳይል።

ያኔ የተሰማኝን ፍርሃት ዛሬም አፌ ላይ እንደ ብረት እቀምሰዋለሁ። አባዬ ከዛፎቹ ጋር ተዋውሏል፤ ራሱን አስመልሶ እናቴን ሰጥቷቸዋል። ጸጥ ያለውን ሞተር የመረጥኩለት እኔ ስሆን፣ እሱ ደግሞ ማንን እንደሚሰጣቸው ደብቆኛል። እንዲህ ነበር የተረዳሁት። ጮኼ እግሯ ላይ ተጠመጠምኩ። አላቀቀችኝና ሞተሩን አንስታ ወጣች።

አባዬ ወደ ኋላ ቀርቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«ዛፎቹ ይወስዷታል። እንዳንተ ጣቷ ነጭ ይሆናል።»

 ማን እንደነገረኝ ቢጠይቅ ባልቴቷን አጋልጣት ነበር፤ አልጠየቀም።

«እንዳይወስዷት ነው እኮ ያን ሞተር የገዛነው» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን አንድ ሥራ አለሽ። ማታ ስትገባ እጇን ትይዢያለሽ። ጣቶቿን አንድ በአንድ። ቀዝቃዛ ከሆኑ መጥተሽ ለኔ ትነግሪኛለሽ። እንደነገርሽኝ በማግስቱ ሞተሩን እሸጠዋለሁ፤ ጾማችንንም ብናድር አትይዘውም። እኔን ታታልለኛለች፣ አንቺን ግን አትችልም።»

ስለ ደም ሥርና ስለ ንዝረት ሊያስረዳኝ ይችል ነበር። የኔ ዛፎች ግን የበለጠ እንደሚያስተጉኝ ያወቀ ይመስለኛል።

እንዲህ ነው የጀመርኩት። ማታ በሩ ሲከፈት እሮጣለሁ፤ እማዬ እርጥብ እጆቿን ትዘረጋልኛለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እጨብጣለሁ። «ምን ያለችው ፍቅር ናት!» እያለች ትስቃለች። ከዚያ ለእኔ ብሎ ከሥራ ቀድሟት ወደገባው አባዬ እሄዳለሁ። አይጠይቀኝም፤ ቅንድቡን ብቻ ያነሳል።

«ሞቃት ናቸው» እለዋለሁ።

ያን ጊዜ ትከሻው ሲወርድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የነበረው ትንፋሽ ሲወጣ አያለሁ። ሞላ ያለው እጀታ ዋጋውን አወጣ ማለት ነበር። ጣሪያው ሦስት ክረምት ሙሉ ሲያፈስብን ባልዲ ሲሞላ እሱ ነበር እየተነሳ የሚደፋው፤ አንድም ቀን ተነጫንጮ አያውቅም።

ሰፈሩ ግን አልማረውም። ሚስቱ ግንድ ላይ ወጥታ ስትቆርጥ እሱ ከታች ቆሞ ዛፉ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ስለሚያሳይ «ሥራ አስኪያጁ» የሚል ስም አወጡለት። «ሥራ አስኪያጁ፣ ዛሬ ስብሰባ የለም?» ይሉታል። «ሠራተኛዬ ፈቃድ አልሰጠችኝም» ብሎ ይመልሳል። ሲስቁ አብሮ ይስቃል። ጣቶቹ እንደሞቱ ለማንም አልተናገረም። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ በዚህ ቀልድ የተነሳ ስንት ልጅ ቧጥጬአለሁ።

ዓመታት አለፉ። ዛፎች ቂም እንደማይዙ ተማርኩ፤ እጇን መያዙን ግን አልተውኩም። ማደሪያ ያለው ትምህርት ቤት ገብቼ ለዕረፍት ስመለስ እንኳ መጀመሪያ ጣቶቿን፣ ቀጥሎ ጉንጯን ነበር የምይዘው። አባዬ ካለበት ሆኖ ቅንድቡን ያነሳል። ሞቃት ናቸው። ከዚያ እማዬ ጉልበቷን ሲያማት ሞተሩን ለሌላ ሰው ሸጡና የተቀበሉትን በር ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈቱበት። አሁን እንኳ ሰው ስጨብጥ ከፊቱ አስቀድሜ ጣቶቹን ነው የማየው፤ እንግዳ ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዳንድ ዝናባማ ከሰዓት ላይ ደግሞ ማንም ምንም ሳይቆርጥ ሞተሩ ይሰማኛል።

አባዬ የሞተው ባለፈው ዓመት ነው፤ በእርጅና፣ አልጋው ላይ፣ እማዬ አጠገቡ ሆና። እኔ ሳልደርስ ቀረሁ። ቀብሩ አልፎ፣ ሊያጽናኑን የመጡት ሁሉ ወደየቤታቸው ሄደው፣ ሁለታችን ብቻ የቀረንበት ከሰዓት ሻይ አፈላሁ። ብርጭቆው ስለሚፋጅ በጨርቅ ይዤ አመጣሁላት። እማዬ ተቀብላ በባዶ መዳፏ ጨበጠችው። መስኮቱን እያየች ያዘችው። ታስቀምጠዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አላስቀመጠችውም።

«እማዬ፣ አያቃጥልሽም?»

ብርጭቆውን አየችው። ደንገጥ ብላ አስቀመጠችው፤ መዳፏ ቲማቲም መስሏል። ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች። 

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ቆይቷል።»

«ከመቼ?»

«አራተኛ ክፍል የገባሽ ዓመት» አለች። «ርካሹ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ ነበር የሚጥለኝ። ግራጫው አልበደለኝም፤ በሽታውን ጥሩ አድርጎ ነው ያዘገየው። ግን ሞተር ሞተር ነው።»

«እኔ እኮ በየማታው እይዝሽ ነበር! ሞቃት ነበር!»

«ባልቴቷ ውሃ ታሞቅልኝ ነበራ። አባትሽ ቀድሞኝ ይገባል፤ እኔ ቤት ከመድረሴ በፊት በእሷ በኩል አልፍና እጄን ነክሬ እመጣለሁ። ደም እስኪመለስበት። ሲመለስ ያማል፤ እሱን ችዬ ነው የምስቅልሽ።» ጨርቁን አንስታ ማጠፍ ጀመረች፤ ጠርዙን ከጠርዙ ማግጠም አቃታት። «ምን ላድርግ? ሰምቻችሁ ነበር። ሞተሩን እሸጠዋለሁ ሲልሽ በሩ ላይ ነበርኩ። ሸጦት ምን ልንበላ ነው? አንቺስ በምን ትማሪያለሽ?»

«አባዬስ? አላወቀም?»

«ከየት ያውቃል? አንቺን ነበር የሚያምነው።»

ተቀመጥኩ።  ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በሁለቱ መሀል የተመላለስኩት በኔ በኩል አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነበር፤ ለካ እናቴ በኔው እጅ ባሏን ከእውነቱ ስትጠብቀው ኖራለች። አለቀስኩ። እማዬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ሊያልፍ ሲል ምን አለኝ መሰለሽ?» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ከገዛሁት ሁሉ ያላታለለኝ ያ ሞተር ብቻ ነው፤ እጅሽን አተረፈልኝ አለኝ። ያን ብሎ ነው የሄደው። እጄንም ይዞ ነበር።»

መዳፏን ገልብጣ ጭኗ ላይ አኖረችው። ቃጠሎው ማበጥ ጀምሮ ነበር።

«መያዙን ያወቅሁት» አለች፣ «በዓይኔ አይቼ ነው።»